ወንድ የፈተለው ክር

በሲቀላ ሰፈር ሙቀት በርና መስኮቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። እንድሪያስን ወባ አልያዘውም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሜትሩንና ችካሉን ይዞ ወደ ቅየሳ ሥራው ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ከሥራ ሲመለስ ግን ገና ፀሐይዋ ሳትበርድ ይገባና በሩን ይቀረቅራል። ይህን ከማንም በፊት ያወቀችው በአጥር የምትዋሰነው አገርነሽ ናት። አገርነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሰው ጉዳይ ግን እንቅልፍ ይነሳታል።

የእንድሪያስ ሚስት ልክነሽ የሞተችው በሐምሌ ነው። ደም ግፊት ነበረባት። አንድ ቀን ጠዋት ጥጥ ስትፈትል ቆይታ ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም አለች፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ገብተው ሊቀሰቅሷት ሲሉ አልነቃችም። እንድሪያስ በዚያ ሰዓት የሁለት ወንድማማቾችን ድንበር እየለካ ነበር። ስልኩ ጠራ፣ አነሳ፣ ሰማ፣ «እሺ» አለ። ከዚያ የጀመረውን ልኬት ጨርሶ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ወንድማማቾቹ ይህን አይተው ዝም የሚሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከተማው ሁሉ ሰማ። በቀብሩም ላይ አላለቀሰም። ሰው ደረቱን ሲደቃ፣ አንድያ ልጁ ፌቨን መሬት ለመሬት ስትንከባለል፣ እሱ የለቅሶው ድንኳን ገመድ ላልቷል ብሎ ሲያጠብቅ ታየ።

በላዩ ላይ የወረደው ነገር ሐዘን ቢሆን ኖሮ ራሱም ደስ ባለው። ሐዘንን ያውቀዋል፤ እናቱ የሞተች ጊዜ የትውልድ መንደሩን የኦቾሎን ዳገት እያለቀሰ ነው የወጣው። የአሁኑ ሌላ ነው። ይበላል፣ ጣዕም የለውም። ሰው ሲቀልድ እዚህ ጋ መሳቅ ያስፈልጋል ብሎ ያስብና ይስቃል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌ የተወጋ ከንፈር ብትነክሰው አይሰማህም አይደል? ሰውዬው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንደዚያ ሆነ።

ሥራው ደግሞ ለዚህ አይነት ሰው የሚመች አይደለም። ቀያሽ ወዳጅ የለውም። ሜትሩን ሲዘረጋ አንዱ ወገን ይሰድበዋል፣ ሲሰበስብ ሌላው። ድሮ ቤቱ ገብቶ ለልክነሽ ይነግራትና ይወጣለት ነበር። እሷ እንዝርቷን እያሾረች «እንዴ! እንደዚህ አለህ? አፉን ይቁረጠውና!» ትልለታለች፣ በቃ፣ ይቀለዋል። አሁን የሚነግረው ሰው የለም። የቀኑ ስድብ ሁሉ ትከሻው ላይ ተከመረ። አንገቱ አልዞር አለው፤ በእንቅልፉ ጥርሱን ያፋጫል፣ ጠዋት ሲነሳ መንጋጋው ያመዋል። ልቡ አልሰማም ብሎ ቢደነዝዝም ሰውነቱ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ከከተማው ሥር ያሉት ሐይቆች ቁልቁል ከሚታዩበት ሆቴል ሰብስቦ ስለ ሥራ ጫናና ውጥረት ሥልጠና ሰጠ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሯል። «እስቲ እያንዳንዳችሁ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያችሁን ንገሩኝ» አለ። አዳራሹ በሙሉ መጽሐፍ ማንበብ ይወዳል ሆነ! ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሌላ ሲያነቡ ታይተው የማያውቁ ሰዎች እኮ ናቸው። ተራው እንድሪያስ ጋ ደረሰ።

«የለኝም» አለ።

«እንዴት አይኖርዎትም? ከሥራ ሲመለሱ ምን ያደርጋሉ?»

«እቀመጣለሁ።»

ሰው ሳቀ። አሠልጣኙ አልሳቀም። «ለእጅዎ ሥራ ይፈልጉለት» አለው። «የሚያስፈልገውም ይሁን የማያስፈልገው፣ ብቻ እጅዎን የሚይዝ ነገር። ጭንቅላትዎ ቢያንስ ያንን ሰዓት ያርፋል።» በዚያን ቀን ብዙ ነገር ተናግሯል፤ አብዛኛው በፕሮጀክተር የሚታይ ከንቱ ነገር ነበር። ይህ አንዱ ግን እውነት ነበር፣ እንድሪያስ ግን ይህንንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በሳምንቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጠሰና መርፌ ፍለጋ የልክነሽን የጥጥ ሙዳይ ከፈተ። ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካውም። እንዝርቷ ውስጡ ተጋድሟል፤ ክሩ እንደተጠመጠመበት፣ ጫፉ ላይ ባዘቶው፣ ያ የተነደፈው ጥጥ፣ እንደተንጠለጠለ። የዚያን ዕለት ራሴን ስትል እንዳስቀመጠችው ነው። ወዲያ ሊያደርገው ሲያነሳው ከእጁ አመለጠ፤ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሽከረከረና ክሩ ተበጠሰ።

ሚስቱ ስትሞት ያልደነገጠ ሰው ክሩ ሲበጠስ ደነገጠ። ተንበርክኮ ሁለቱን ጫፎች ፈለገ፣ ሊያጋጥማቸው ሞከረ፣ አልያያዝ አሉት። መጨረሻ ላይ አጥብቆ ቋጠራቸው። ቋጠሮው የሚያስጠላ ሆነ። ያን የመሰለ ቀጭን ክር ላይ እንደ ኪንታሮት ቁጭ አለ። ከላዩ ትንሽ ክር ቢጠመጠምበት አይታይም ብሎ አሰበ። ክር እንዲጠመጠምበት ደግሞ ክር መፈተል አለበት።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እንድሪያስ የሸማኔ ልጅ ነው፤ ባደገበት አገር ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች፣ አለቀ። ሕፃን ሳለ የእናቱን እንዝርት ይዞ ሲጫወት አባቱ በሽመና መወርወሪያው እጁን ብሎታል። ወንድ ልጅ ፈተለ ከተባለ መሳቂያ ሆኖ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ተነሳና በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ዘጋ። ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ስታደርገው እንዳየው እንዝርቱን ጭኑ ላይ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ለቀቀው።

የወጣው ነገር ክር ለመባል አይበቃም። አንድ ቦታ ገመድ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ የሸረሪት ድር። ተበጠሰ። ቀጠለው። ተበጠሰ። ላቡ እስከ ጉልበቱ ወረደ። ያን ከሰዓት ሙሉ ስለ ክሩ ብቻ ነው ያሰበው፤ ሌላ ነገር ለማሰብ እጁ ፋታ አልሰጠውም። ሲነሳ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። ዞረለት።

በማግስቱም ፈተለ። በሦስተኛውም ቀን። ቋጠሮው ከተሸፈነ ቆይቷል፣ እሱ ግን አልተወውም። አብዛኛውን እያበላሸ ይጥለዋል፤ ልክነሽ በአንድ ከሰዓት የምታወጣውን እሱ በወር አይደርስበትም። ቢሆንም ከሥራ ወጥቶ ባጃጅ ላይ ሲቀመጥ ጀምሮ ጣቶቹ ያንን ማሾር ይናፍቃሉ። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲጮህበት እጁን ጠረጴዛ ሥር አድርጎ አውራ ጣቱንና ጠቋሚውን ያሻሻል፣ በአየር ላይ ይፈትላል። ጥርሱን ማፋጨት ተወ። እንባ አልመጣም፣ ሳቅም አልመጣም፤ ውስጡ ያው እንደደነዘዘ ነው። ትከሻው ግን ወረደ። ይህንን የሚንቅ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ አንገቱ አልዞር ብሎት አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ የተነደፈው ባዘቶ አለቀ። አልጋው ሥር ልክነሽ የገዛችው ጥሬ ጥጥ በጆንያ ነበር። እንድሪያስ የመንደፊያውን ደጋን ከግድግዳ አወረደና መንደፍ ጀመረ። ስህተቱ ይህ ነው፤ እንዝርት ድምፅ የለውም፣ ደጋን ግን ድዝም፣ ድዝም እያለ አጥር ይሻገራል።

አገርነሽ የዶርዜ ልጅ ናት፣ ከሕፃንነቷ ጥጥ ስትነድፍ ያደገች። የሽፈራው ዛፍ ቅጠል እየለቀመች ሳለ ድምፁን ስትሰማ ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ። በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ሚስቱ በሞተችበት ሰው ቤት፣ ጥጥ ይነደፋል። ቀረብ ብላ አደመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፌቨን ጋ ደወለች።

«ፌቪዬ፣ እኔ ወሬ አላመላልስም፣ ታውቂኛለሽ። ግን እናትሽ እህቴ ነበረች። አባትሽ ሴት አስገብቷል።»

«ምን?»

«በሩን ዘግተው ነው የሚውሉት። ስትነድፍ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለፈው ደግሞ ሱሪው ላይ የጥጥ ብናኝ አይቻለሁ፤ የት መሰለሽ? ጭኑ ላይ!»

«እትዬ አገርነሽ፣ አይተሻታል?»

«አላየኋትም። ግን አነዳደፏን ሰማሁት እኮ! ምንም አልበሰለም። ደጋን መያዝ እንኳ በወጉ አታውቅም። ልጅ እግር ናት፣ ፌቪዬ። ካንቺም ታንሳለች።»

አገርነሽ አልዋሸችም። የሰማችውን ሰምታለች፣ ያየችውን አይታለች። ጋሞ ምድር የተወለደ ሰው የእንዝርትና የደጋን ሥራ አይቶ ከሴት ሌላ የሚያስበው ነገር የለም።

ፌቨን ካምባ በምትባል ከተማ አስተማሪ ናት። ከቀብሩ ወዲህ አባቷ ጋ ስትደውል ከ«ደህና ነህ?» አልፋ አታውቅም፤ ያ የድንኳን ገመድ ከዓይኗ አልጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርዳ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ መጣችና በሩን በጡጫ መታችው። ውስጥ አንድ ነገር ተንጋጋ። አንድ ነገር ተጎተተ። እንድሪያስ ሱሪውን ቁልቁል እየሳበ፣ ሙዳዩን አልጋ ሥር እየገፋ ነበር፤ ልጁ ግን ያን ሁሉ ኮሽታ በሌላ ተረጎመችው። በሩ ሲከፈት ገፍታው ገባች። መኝታ ቤቱን አየች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ በጓሮ በር ወጥታ መጸዳጃ ቤቱን ከፈተች። አጥሩ ላይ የአገርነሽ ራስ ብቅ ብሏል።

«የት አለች?»

«ማን?»

«አትቀልድብኝ አባዬ። የት ደበቅካት?»

እንድሪያስ ያኔ ገባው። ሱሪው ላይ የቀረውን ብናኝ በእጁ ጠረገ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሴት ቢያስገባ ለጊዜው ይወራበታል፣ ኋላ ይረሳል፣ እንዲያውም አንዳንዱ ወንድ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። የሚፈትል ወንድ ግን አይረሳም። ስለዚህ ዝም አለ። የቂል ዝምታ ነበር፤ ግን የደነዘዘ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያስባል?

ፌቨን ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደችው።

«ድንበር ለክቶ ጨርሶ ነው የመጣው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር» አለች። «ቀብር ላይ ሳይህ ሐዘን በዝቶበት ነው አልኩ። ለሰው ሁሉ ተከራክሬልሃለሁ። አሁን ግን ገባኝ፣ አትወዳትም ነበር። ሙት ዓመቷን ካምባ እዘክራለሁ፣ እንዳትመጣ። ከእናቴ ጋር ነው አንተንም የቀበርኩህ።»

ቃሉ ከባድ እንደሆነ እንድሪያስ ተረድቷል። ልጁን እያጣት እንደሆነም ተረድቷል። አልተሰማውም እንጂ። «አሁን ማልቀስ፣ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ» ብሎ አሰበ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያስብ። ይህ አስፈራው። ልጁንም እንደ እናቷ ቆሞ እያየ ሊሸኛት ነው።

ፌቨን የእናቷን ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች። ነጠላዋን፣ ፎቶዋን፣ የአንገት መስቀሏን። ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ስታይ ሙዳዩን አገኘችው። እንዝርቱን አወጣች፤ ትኩስ ክር ተጠምጥሞበታል።

«ይህንንም ሰጠሃት?» አለች። «የእናቴን እንዝርት?»

የክሩን ጫፍ ያዘችና መሳብ ጀመረች። የዚያችን ሴት ክር ከእናቷ እንዝርት ላይ እስከ መጨረሻው ልታወርድ ነው። እንዝርቱ እጇ ላይ እየዘለለ ተሽከረከረ፣ ክሩ ወለሉ ላይ ተከመረ። መጀመሪያ የወጣው ደህና ነበር። ወደ ውስጥ በገባች ቁጥር ግን እየወፈረ፣ እየተጓጎለ መጣ፤ «መፍተል እንኳ አትችልም!» አለች በንዴት።

እንድሪያስ እጇን ነው የሚያየው። ክሩ ወደየት እንደሚሄድ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚህ በኋላ የሰኞው ነው፣ በሁለተኛው ቀን የፈተለው። ከዚያ የመጀመሪያው እሁድ። ከዚያ ቋጠሮው። ልጁ በንዴቷ ላይ ቋጠሮ አትለይም፤ ስባ ትጨርሰዋለች።

«ተይ» አለ። አልሰማችውም።

«ፌቨን፣ ተይ።»

ሳበች።

«አቁሚ!» ጮኸ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም፤ ከሐምሌ ወዲህ ጮሆ አያውቅም። «ቋጠሮ አለው። ቋጠሮው ጋ ስትደርሺ አቁሚ። ከዚያ በታች ያለው እናትሽ ናት።»

እጇ ቆመ።

«ከላይ ያለውስ ማን ናት?»

እንድሪያስ በሩን አየ። በሩ ክፍት ነው፣ አገርነሽም ከአጥሩ ወጥታ ደጃፉ ላይ ደርሳለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

ፌቨን ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ። እንድሪያስ እንዝርቱን ከእጇ ወሰደና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። በጠራራ ፀሐይ፣ በክፍት በር፣ አገርነሽ ፊት፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበ። ባዘቶውን ያዘ። እንዝርቱን ጭኑ ላይ ገፍቶ ለቀቀው። ክሩ ወጣ፣ ወፈረ፣ ቀጠነ፣ ተበጠሰ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ቀጠለው። እንደገና ገፋ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

«ወይ ጉድ» አለች አገርነሽ በሹክሹክታ። ለሰፈሩ የምትነግረው ነገር በእጥፍ ጨምሮላታል፤ ግን ያን ጊዜ ትዝም አላላት።

ፌቨን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ምን ብዬ?»

ፌቨን የቀረውን ክር ጫፍ ያዘች፤ እሱ እንዝርቱን ያዘላት። አሁን በዝግታ ነው የምትስበው። ክሩ ካለፈው የባሰ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ የባሰ፣ መጨረሻ ላይ የጫማ ማሰሪያ ሊያክል ምንም አልቀረው። ከዚያ ቋጠሮው መጣ። ቀጥሎ አንድ ስንዝር ያህል የልክነሽ ክር ተከተለው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ እንከን የሌለው።

ፌቨን ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። «እዚህ ጋ ነው የሞተችው» አለች።

እንድሪያስ ጣቱን ሰደደና ከቋጠሮው ወዲያ ያለውን ነካ። እዚህ ጋ እየፈተለች ነበር። እዚህ ጋ ራሷን አሟታል። እሱ እዚህ ጋ ድንበር ይለካ ነበር። ያኔ ከሆዱ አንድ ነገር ተነስቶ ወጣ፤ ቃል አይደለም፣ ጩኸት ነው። እንዝርቱን ታቅፎ ከበርጩማው ወረደና ጮኸ፣ «ልክነሽ!» እያለ። አላፈረም፣ አላቆመም። ሲቀላ የሙሾ ድምፅ ሲሰማ ሰው ምጣዱን ጥሎ ነው የሚሮጠው፤ ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጡ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ መጡ። ደጃፉ ሞላ።

«ማን ሞተ?» አለች አንዷ፣ እየሮጠች ነጠላዋን እየዘቀዘቀች።

ፌቨን የአባቷን ራስ ደረቷ ላይ ይዛ ነበር።

«እናቴ» አለች።

አገርነሽ ለማስረዳት አፏን ከፈተች፤ ተወችው። እሷም ነጠላዋን ዘቀዘቀችና ከክሩ ክምር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አብራ ማልቀስ ጀመረች።